የዳር ሰው የሚያውቀው ስሕተት

መተማ ዮሐንስ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሲም የገባበት ስልክ 3፡00 ብሎ ያሳያል። የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ገላባት ያለው፣ የሱዳን ሲም የገባበት ስልክ ደግሞ 2፡00 ይላል። ቅጽበቷ አንዲት ናት፤ ቁጥሮቿ ግን ሦስት ናቸው። ሁለቱን ከተሞች የምታሞቃቸው አንዲት ፀሐይ ናት፤ በደህናው ጊዜ የሰሊጥ ጫኝ፣ ለዋጭና ደላላ በእግሩ ወዲያና ወዲህ የሚልባቸው ጎረቤታሞችም ናቸው። ሰዓታቸው ግን አይገናኝም።

የትኛው ትክክል ነው ብሎ ፀሐይን መጠየቅ አያዋጣም። መተማ የምትገኘው በ36 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ገደማ ምሥራቃዊ ኬንትሮስ ላይ ነው። በፀሐይ ብቻ ብንሄድ ሰዓቷ ግሪኒችን የሚቀድመው በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል በሆነ ነበር። የኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ይቀድማል፤ የሱዳን በ2። ፀሐይ ለሁለቱም አትመሰክርም፤ ከመካከላቸው ቆማለች። እንግዲህ በስልኩ ላይ ያለው ቁጥር የሰዎች ስምምነት ነው ማለት ነው፤ ስምምነት ደግሞ ይለወጣል። ሱዳን ጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ሆነች፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቀድሞው ተመለሰች። ወደ ዐሥራ ስምንት ለሚጠጉ ዓመታት የድልድዩ ሁለት ጫፎች በአንድ ሰዓት ኖረዋል። ከዚያች የጥቅምት ቀን ወዲህ ግን ማዶ ለማዶ የተቀጣጠሩ ነጋዴዎች «በማን ሰዓት?» ብለው መጠያየቅ አለባቸው።

የመንግሥት ውሳኔ በሬዲዮ ይነገራል፣ በጋዜጣ ይወጣል። ስልክ ግን ሬዲዮ አይሰማም፣ ጋዜጣም አያነብም። የካርቱም ውሳኔ ገላባት ባለ ሰው ኪስ ውስጥ እስካለው ስልክ ድረስ የሚደርሰው በአንድ የጽሑፍ ፋይሎች ስብስብ በኩል ነው። ይህ ስብስብ (ባጭሩ ፋይሉ እንበለው) የሰዓት ክልል ዳታቤዝ ይባላል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ ጀመረው፤ በኋላ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ፖል ኤገርት ተረከበው። አንድሮይድ ስልኩም፣ አይፎኑም፣ ሊነክስ የሚሠራበት ሰርቨሩም በየአገሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቁት ይህን ፋይል ይዘው ነው። የሱዳን ለውጥ የገባው በኦክቶበር 2017 በወጣው እትም ነው፤ ያኔ ውሳኔው በሥራ ላይ ሊውል ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። እትሙን ያገኘ መሣሪያ በሰዓቱ ተስተካከለ። ያላገኘው፣ አምራቹ የረሳው አሮጌ ስልክ ሁሉ ግን፣ ባለቤቱ በእጁ ካላስተካከለው በቀር፣ በተሻረ ሰዓት ላይ ቀረ።

ይህን ፋይል ማንም መንግሥት አያስተዳድረውም፤ ሰዓቱን የለወጠ አገር ለፋይሉ ጠባቂዎች እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ሕግም የለም። ሥራው የሚሄደው በየአገሩ የሚኖሩ ሰዎች በኢሜይል በሚልኩት ቃል ነው። አንዱ «እኛ አገር በሚቀጥለው ወር ሰዓት ሊለወጥ ነው» ብሎ የአዋጁን ቅጂ ይልካል፤ ሌላው «ይህ ወሬ ነው፣ ገና አልጸደቀም» ብሎ ይከራከራል፤ ሦስተኛው አሮጌ ጋዜጣ ፈልጎ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 አስትሮሌብ የተባለ ኩባንያ በኦልሰንና በኤገርት ላይ የቅጂ መብት ክስ መሥርቶ ፋይሉ ይገኝበት የነበረው ቦታ ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። ፋይሉ የኢንተርኔትን ቁጥሮችና ስሞች በሚመዘግበው ተቋም ጥላ ሥር ገባ፤ ክሱም በማግሥቱ ዓመት ተነሣ። ዓለም ሁሉ የሚደገፍበት ምሰሶ በጥቂት በጎ ፈቃደኞችና በማይታወቁ ብዙ ጠቋሚዎች ትከሻ ላይ መቆሙን ብዙ ሰው የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል፦ ስሕተት ምንድን ነው? የት ነው የሚኖረው?

በገላባቱ አሮጌ ስልክ ውስጥ የተበላሸ ነገር የለም። ባትሪው ደህና ነው፤ ፕሮግራሙ የታዘዘውን አንድ ሳያጓድል ይፈጽማል። ስልኩን ሰው ከማይኖርበት ሣጥን ውስጥ ብናስቀምጠው እስከ ዘላለም ስሕተት አይገኝበትም። ስሕተት የሚሆነው የስልኩ ባለቤት በዚያ ቁጥር ተማምኖ ሲነሣና አውቶቡሱ ሳይመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቆም ነው። ስሕተት በዕቃውና በሰው ኑሮ መካከል የሚገኝ መጣረስ ነው። ከሁለቱ አንዱ በሌለበት አይታይም። ስለዚህ ዕቃውን ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ የስሕተቱን ግማሽ ብቻ ያውቃል። ሌላው ግማሽ ያለው ዕቃውን ይዞ ከሚውለው ሰው ዘንድ ነው።

ፕሮግራመሮች ዘንድ የታወቀች አንዲት መልስ አለች፦ «እኔ ጋ ይሠራል»። ተጠቃሚው ችግሩን ይናገራል፤ ሠሪው በራሱ ኮምፒውተር ይሞክረዋል፤ ይሠራለታል፤ ጉዳዩ ይዘጋል። ሰውየው አልዋሸም። በእርግጥም እርሱ ጋ ይሠራል። ግን ይህች መልስ የመሐል አገር ሰው መልስ ናት። የተናገረው ሰው የሚኖርበትን ቦታ የዓለም ልክ አድርጎ ወስዷል። የእርሱ ኔትወርክ አይቆራረጥም፤ የእርሱ ሰዓት አይከራከርበትም፤ የእርሱ ፊደል ሁሉም ስልክ ላይ ይታያል። ብዙ ዓይን ካየው ስሕተት አይሰወርም የሚል እምነት በሶፍትዌር ሠሪዎች ዘንድ ሰፍኗል። እኔ ግን ከዓይኖቹ ብዛት ይልቅ የቆሙበት ቦታ ይበልጣል እላለሁ። ሺህ ዓይን ከአንድ ከተማ ሆኖ ቢያይ የሚያየው ያንኑ ነው። ሁለት ሰዓት የሚጋጭበትን ቦታ የሚያውቀው ድልድዩ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ይህ ማለት የዳር ሰው ሁሉ የተናገረው በቀጥታ ወደ ጥገና ይሄዳል ማለት አይደለም። «ስልኩ አይሠራም» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ለሚያክመው ሰው መያዣ አይሰጥም። «ገላባት ነው ያለሁት፤ የሱዳን ሲም ነው የምጠቀመው፤ ዛሬ ጠዋት ስነሣ ስልኬ ከጎረቤቴ ስልክ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ትናንት እኩል ነበሩ፤ ሰዓቱን ራሱ እንዲያስተካክል አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ግን ሥራውን አጋምሶታል። የቆመበትን ቦታ ነገረን፤ ያየውን ነገረን፤ ማየት የነበረበትን ነገረን፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነገረን። በሺህ ኪሎ ሜትር የሚርቅ፣ አይቶት የማያውቅ ሰው ይህን አንብቦ ያንኑ ችግር በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሊደግመው ይችላል። መድገም ከቻለ ማረም ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታውን አሳንሶ ወይም አጋንኖ የተናገረም እንዲሁ ነው። ችግርን በልኩ መናገር ለማያውቁት ሰው የሚደረግ ትልቅ ውለታ ነው፤ ተናጋሪው የሚድንበት ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ በዚያው መንገድ የሚመጣው ሁሉ የሚድንበት ነው።

ሆኖም ስሕተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት ዕቃው ከታቀደለት ሲወጣ የሚመጣ ነው፤ የሱዳን ሰዓት እንዲህ ነበር፤ አንድ መስመር ተጨመረ፣ አለቀ። ሁለተኛው ዓይነት ግን ዕቅዱ ራሱ ሰውን ሳያውቅ የተሠራ ሲሆን ነው። መተማ ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚባለውን ስልኩ 3፡00 ማለቱ የዚህ ዓይነቱ ነው። በሰዓት ክልሉ ፋይል ውስጥ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቀኑን ከንጋት ጀምረው በ12 ሰዓት እንደሚቆጥሩ ለፕሮግራመሮች ይገልጻል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ አልሰሙም አይባልም። ነገር ግን የሰሙት ማስታወሻ ሆኖ ቀረ፤ ማስታወሻን ደግሞ ስልክ አይፈጽምም። በዛሬው ፋይል ውስጥ የአዲስ አበባ ስም ወደ ናይሮቢ የሚጠቁም ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ የሁለቱ ሰዓት ስላልተለያየ አንዱ ይበቃል በሚል። በሒሳብ በኩል ይህ ትክክል ነው፤ ማንም አንዲት ደቂቃ አልጎደለበትም። ግን የመተማዋ እናት ልጇን «መድኃኒቱን ለእኅትህ በሁለት ሰዓት ስጣት» ብላ ስትልከውና ልጁ ስልኩን አይቶ ሲጠብቅ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ስድስት ሰዓት የሚሞላለት ማንም የለም፤ ልጁ በጭንቅላቱ እየደመረና እየቀነሰ ይኖራል። በየቀኑ በሚሊዮኖች ጭንቅላት ውስጥ የሚሠራ ይህ ትንሽ ሒሳብ ማሽኑ ሊሠራልን ይገባው የነበረ ሥራ ነው። ስለለመድነው ችግር አንለውም። የለመዱት ስሕተት ደግሞ ሪፖርት አይደረግም።

የፊደል ነገር ከዚህ ይጠልቃል። ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። አማርኛና ትግርኛ ጸሐፊዎች ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ ከፈጠረው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ከማያነብበት ፎንት ቀስ በቀስ ወጡ። ብዙዎቻችን የፊደላችን ጉዳይ ያን ጊዜ የተዘጋ መሰለን። አልተዘጋም ነበር። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የሌሉ ድምፆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለተወሰኑ ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ስድስተኛው እትም ደግሞ ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ 32 ፊደላት ተጨመሩ። ጉሙዝኛ ከመተማ አካባቢ ጀምሮ የሱዳንን ድንበር እየተከተለ በቋራ ወደ ዐባይ ሸለቆና ከዚያም ወዲያ ወደ ደቡብ የሚነገር ቋንቋ ነው። ከንፈር ገጥሞ አየሩ ወደ ውስጥ የሚሳብበት የ«በ» ዓይነት ድምፅ አለው፤ አማርኛ የለውም፤ ስለዚህ የአማርኛ «በ» አይበቃውም።

ልብ በሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2010 ባሉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ «የእኔ ፊደል ይጎድላል» የሚል የጉሙዝ ሰው ቢኖር አቤቱታውን በኮምፒውተር፣ በግዕዝ ፊደል፣ በገዛ ቋንቋው አሟልቶ ሊጽፈው አይችልም ነበር። የሚጽፍበት መሣሪያ ራሱ የጎደለው ነውና። ጉድለቱን ለመናገር የሌላ ሰው ፊደል፣ የሌላ ሰው ቋንቋ፣ ምናልባትም የሌላ ሰው አፍ ያስፈልገው ነበር። ይህ ሕዝብ በባሪያ ፈንጋዮች ሲታደን ኖሯል፤ የመተማ ገበያም በ19ኛው መቶ ዘመን ሰው ከቡናና ከሰም ጋር የሚሸጥበት ነበር። ያን ጊዜም ጩኸቱ የሚሰማበት አደባባይ አልነበረውም። ታሪኩን ከኮምፒውተር ፊደል ጋር የማነሣው ሁለቱ እኩል ናቸው ብዬ አይደለም፤ ከቶ አይተካከሉም። የማነሣው አንድ ነገር ስለሚያስተምሩ ነው፦ የተበደለ ሁሉ የበደሉን ልክ የሚናገርበት ቃል በእጁ አይገኝም፤ ስለዚህ አድማጭ ሊሆን የሚወድ ሰው ደጁን ከፍቶ መጠበቁ አይበቃም፤ ሄዶ መጠየቅ አለበት። እነዚያ ፊደላት የገቡትም ሰዎች በእርግጥም እንደሚጻፍባቸው ማስረጃ አሰባስበው ስላቀረቡ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን መናገሪያውን መንገድ ይዞ የሚጠፋው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ፈንድቶ ከካርቱም የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ይገቡ ነበር፤ ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ከመቼውም ይልቅ የበዛበት ሰዓትና ቦታ ነበር። ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሰው ኢንተርኔት መቋረጡን በኢንተርኔት አያመለክትም። ከሩቅ ሆኖ አንድ ሶፍትዌር የሚያስተዳድር ሰው በዚያን ወቅት ከምዕራብ ጎንደር የሚመጣው ቅሬታ ሲቀንስ፣ እንዲያውም ዜሮ ሲሆን ያያል። ቁጥሩን ብቻ ካነበበ «እዚያ ሁሉ ነገር ደህና ነው» ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ዝምታ የጤና ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የሞትም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ግን ምንም አይናገርም። ከአንድ አካባቢ ድንገት ቅሬታ ሲጠፋ ሊደነግጥ የሚገባው ሠሪው ነው።

ዝምታ ሁልጊዜ ከኔትወርክ አይመጣም፤ ከእኛም ይመጣል። ይሉኝታ አለብን። ሰው የደከመበትን ሥራ «እዚህ ላይ ይጎድላል» ማለት ድካሙን መናቅ ይመስለናል፤ ሠሪውም ሲነገረው የተሰደበ ይመስለዋል። ጠያቂው ደግሞ «ይህን እንኳ አያውቅም» መባልን ይፈራል። ይህ ፍርሃት ከባህላችን የወጣ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን ባህላችንን አለማወቅ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቋጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ይነግራል። መምህሩም የቅኔው ቤት ሲጎድል፣ ቃል ሲሰናከል፣ ሰሙ ከወርቁ ሲፋታ እዚያው ያርመዋል። ታረምሁ ብሎ የሚያፍር ቅኔ አያውቅም። እርማቱን የሰሙት ሁሉ ደግሞ ለራሳቸው ይማሩበታል፤ አንዱ የተሳሳተበት ቦታ ላይ ሌላው አይወድቅም። እንግዲህ በአደባባይ መጠየቅ፣ በአደባባይ መታረምና በአደባባይ ማረም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የጎደለን ያንን ልማድ ከጉባኤ ቤት አውጥተን ወደ ባንክ መተግበሪያው፣ ወደ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኮምፒውተር፣ ወደ ገበያ ዋጋ መረጃው ማምጣት ነው።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚል ምሳሌ አለን። ለብዙ ነገር እውነት ነው። የሰዓቱ ፋይል ግን ሌላ ገጽ ያሳየናል፦ የገላባትን ሰዓት ያረመው እጅ ካሊፎርኒያ ነው ያለው። እጁ ሩቅ ቢሆንም ዕውቀቱ የአገሩ ሰው ዕውቀት ነበር። ሩቅ ያለ እጅና ቅርብ ያለ ዓይን ሲተማመኑ እርማት ይሠራል። መተማመኑ ከፈረሰ፣ የሩቁ እጅ ያላየውን ያበላሻል፤ የቅርቡ ዓይን ደግሞ ማረም የማይችለውን ሲያይ ይኖራል። ስለዚህ ጥያቄው የአገር ልጅ ይሥራው ወይስ የውጭ ሰው ከሚለው ይልቃል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለምዕራብ ጎንደሯ ከተማ ለገንዳ ውኃ ሶፍትዌር የሚጽፍ ወጣትም ለገንዳ ውኃ ሰው ሩቅ እጅ ነው። ገንዳ ውኃ ላይ ያለው ሹምም ለቋራው ገበሬ፣ ለጉሙዙ መንደር ሩቅ እጅ ነው። እያንዳንዱ መሐል የራሱ ዳር አለው፤ ከዳሩ የሚሰማውን ያህል ብቻ ያውቃል።

ይህን የሚያምን ሠሪ ሊያደርገው የሚገባው ብዙ አይደለም፤ ግን ቁርጥ ያለ ነው። ቅሬታ የሚቀርብበትን መንገድ ኢንተርኔት በሌለበትም እንዲሠራ ያድርገው፤ ቴሌብር ያለ ዳታ በ*127# ገንዘብ ማስተላለፍ ከቻለ፣ «ይህ ነገር እኔ ጋ አይሠራም» የሚል ቃልም በዚያው መንገድ ሊተላለፍ ይችላል። ማንበብ ለማይችል ሰው በድምፅ ይሁን፤ አማርኛ ለማይችል ሰው በቋንቋው ይሁን። ቅሬታ ከወትሮው ሲጠፋ ሰው ልኮ ይጠይቅ። ችግሩ ሲታረም ለተናገረው ሰው ተመልሶ ይንገረው፤ መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይናገርምና። መሠራት የማይችል ከሆነም ለምን እንደማይችል ይንገረው፤ እውነተኛ «አይቻልም» ከዝምታ ይሻላል። ተጠቃሚውም የሚችለውን ያህል ያየውን፣ ያየበትን ቦታና ጊዜ ለይቶ ይናገር።

መተማን የምናስታውሳት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ምድር አድርገን ነው፤ ድንበር መጠበቅ ደም የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ከእርሷ ተምረናል። ዛሬ ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ሌላም ነገር ይጠብቅልናል፦ የሠራነው ነገር የት ላይ እንደሚሰበር የሚያውቀው እርሱ ነው። ለመሐሉ ብቻ የተሠራ ሰዓት፣ ፊደል ወይም ሶፍትዌር ገና አልተጠናቀቀም። ሥራችን አለቀ ማለት የምንችለው በዳር ያለው ሰው «እኔም ጋ ይሠራል» ሲል ነው። ይህንንም የምናውቀው እኛ ገምተን ሊሆን አይገባም፤ እርሱን ጠይቀን መሆን አለበት።